ካሴትም ዜግነት አለው እንዴ?

አሁን ገና ከፒያሳ መመለሴ ነው፣ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ያቺን የጥምቀት ቪዲዮ ካሴት ፍላሽ ላይ ላስገለብጥ ፎቶ ቤት ይዤ ሄጄ። ታውቋታላችሁ፣ አጎቴ በ1986 ከአሜሪካ ሲመጣ የቀረጻት፣ እማዬ ነፍሷን ይማረውና ፋሲል መዋኛ ጋ እስክስታ ስትወርድ።

የፎቶ ቤቱ ልጅ ዴክ ውስጥ ከተታት። ጥቁርና ነጭ ሆና ወደ ላይ ትንከባለላለች። "ጋሼ፣ ካሴቱ ሞቷል።" ጋሼ ያለኝን ዋጥኩት። "አልሞተም የኔ ወንድም፣ የአሜሪካ ስለሆነ ነው።" "ካሴትም ዜግነት አለው እንዴ?" ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀብኝ። አንዷማ እንባዋን ጠረገች።

አለው! በማርያም አለው! ካሴቱ ያው ቪኤችኤስ ነው፣ ሲያዩት ልዩነት የለውም። የአሜሪካው አቀራረጽ ግን ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ ወደ 30 ምስል። የኛ ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ካልሆነ እንዲህ ያንከባልላታል። ይህን ሁሉ ሳስረዳ ልጁ ስልኩን ይነካካል።

ድንገት ምስሉ ጥርት አለ፣ በቀለም። ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ባጂዮ፣ ያ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው ጣሊያናዊ! ታላቅ ወንድሜ፣ የእጁን ይስጠው፣ ያን ክረምት "ይሄ አይሠራም" ብሎ ሌላ እንዳይቀዳባት ተብሎ ጀርባዋ ላይ የተሰበረውን ቦታ በፕላስተር ደፍኖ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቀድቶባታል። የኛ ዴክ በፓል ስለቀዳው ኳሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። "አየህ፣ የሞተ ካሴት ኳስ ያሳያል?" ስለው፣ "እና ኳሱን በፍላሽ ልገልብጥልዎት?"

ትልቋ የተገለበጠችባትን፣ ካሜራው ውስጥ የነበረችውን ዋናዋን ትንሿን ካሴት ስሰጠውማ ትንሽ ካሴት በትልቁ ዴክ እንዲገባ የሚያደርገውን ማቀፊያ አምጥቶ ሊጠቀጥቃት! ማቀፊያ ያላት ቪኤችኤስ ሲ የምትባለዋ ናት። የኔዋ ክር 8 ሚሊሜትር፣ የትልቁ 12.7፤ በየት በኩል ሊገጥም? ነጠቅኩት። እሷን የሚያጫውታት የራሷ ዓይነት ካሜራ ነው። የአጎቴን ካሜራ ደግሞ ማን "ለአንድ ቀን" ብሎ እንደወሰደው እናውቃለን። ስም አልጠራም።

"የሙከራ 200 ብር።" ከፈልኩ፣ ምን አደርጋለሁ። ባጃጁ ደግሞ ዝናብ ነው ብሎ እጥፍ ጠየቀኝ። ጠብታ የለም እኮ!

"አዲስ ዴክ ግዛ" የምትሉኝ፣ የመጨረሻው አምራች እንኳ በፈረንጆች 2016 አቁሟል። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ጎንደር ውስጥ ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። እኔ የአባዬን ዴክ ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ባጂዮ አሁንም ሳታት።