ላሟ የማን ስልክ ላይ ናት?

ክርክሩን የጫረው ከባንኮኒ ላይ የተላጠ አንድ ወረቀት ነው። ሰውዬው ትንሽ ሱቅ አላቸው። ደንበኛ ስካን እያደረገ እንዲከፍልበት የለጠፉትን ኪውአር ኮድ ልጠው መጣላቸውን እንደ ጀብዱ ያወራሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጅ የበርካታ ትንንሽ ሱቆችን ሂሳብ ትይዛለች። ሦስተኛው ማተሚያ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ጨዋታው ወደ ወረቀትና ቀለም ካልመጣ በቀር አፉን አይከፍትም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የእናንተ ዲጂታል ይኸው ነው» አሉ ሰውዬው። «ዕቃዬ ከመደርደሪያ ወርዷል። ገንዘቤስ? ስልክ ውስጥ ነው አሉኝ።»

«ጋሼ፣ ገብቶ ነው የጠፋው ወይስ ከነጭራሹ አልገባም?» አለች ልጅቷ።

«አልገባም።»

«ታዲያ ዕቃውን ለምን ሰጡት?»

«ከፈልኩ ብሎ አሳየኛ! አረንጓዴ ምልክት፣ የሱቄ ስም፣ የሂሳቡ ልክ፣ ምን የቀረው አለ?»

«የት ላይ ነው ያሳየዎት?»

«ስልክ ላይ ነዋ!»

«የማን ስልክ?»

ሰውዬው ትንሽ ዝም ብለው «ብቻ ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ» አሉ። ተረት መድገም መልስ ከመስጠት ይቀላል። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ እዚችው ላይ አልቋል፤ ቀሪው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው ግን ሱቅ ላለው ሁሉ ስለሚጠቅም አልተውኩትም።

የልጅቷ ነገር አጭር ነው፤ በደንበኛ ስልክ ላይ የታየ ክፍያ ክፍያ አይባልም። የትናንት ክፍያ ስክሪንሾት ዛሬም ያው አረንጓዴ ምልክት አለው። ስምና መጠን ሲሞላለት «ተሳክቷል» የሚል ገጽ የሚሠራ የውሸት አፕም አለ፤ ከእውነተኛው በዓይን አይለይም። አጭር መልእክትም ቢሆን አያስተማምንም፤ የላኪው ስም ሊመሰል ይችላል፣ ወይም አጭበርባሪው የባንክ መልእክት አስመስሎ ከገዛ ቁጥሩ ይጽፋል። ስለዚህ ሻጩ የራሱን አፕ ከፍቶ የገቢ ዝርዝሩን ማየት አለበት። የሚያየውም መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የከፋዩን ስምና የግብይት ቁጥሩን የመጨረሻ አራት አኃዞች ነው። እነዚህ ሁሉ ከደንበኛው ስልክ ጋር ከገጠሙ ዕቃው ይወጣል።

«ወረፋ ቆሞብኝ ይህን ሁሉ ላንብብ?» አሉ ሰውዬው። የአምስት ሰከንድ ሥራ የዓመት ሥራ መሰላቸው። የብር ኖት ሲሰጣቸው ግን ወደ ብርሃን አንስተው፣ በጣታቸው አሽተው፣ አገላብጠው ነው መሳቢያ የሚያስገቡት። ለዚያ ጊዜ አላቸው።

ልጅቷ ሳትቆጣ ቀጠለች። አንዳንድ የክፍያ ድርጅቶች የራሱ ሲም ካርድ ያለው ትንሽ የድምፅ ሳጥን ይሰጣሉ፤ ገንዘቡ ሲገባ መጠኑን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሻጩም እጁን ከሥራው ሳያነሳ ይሰማል። ሳጥኑ ከሌለ ባንኮኒው ላይ ለዚሁ ብቻ የተመደበ ስልክ ይቀመጣል። ብዙ ሱቅ የሚበላው እዚህ ጋ ነው ትላለች፤ ማረጋገጫው የሚደርሰው በባለቤቱ ስልክ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የለም። ሻጩ ይደውላል፣ አይነሳም፤ ደንበኛው «ቸኩያለሁ» ይላል፤ ዕቃው ይወጣል። መፍትሔው ለሻጩ በነጋዴው አካውንት ሥር የገንዘብ ተቀባይ መግቢያ መክፈት ነው፤ ገቢን ብቻ ያያል፣ መላክም ማውጣትም አይችልም። የባለቤቱን ፒን ለሻጭ መስጠት ግን መሳቢያውን ከነቁልፉ እንደማስረከብ ነው።

ሰውዬው ሌላ በር ሞከሩ። «እሺ፣ ሌባ የራሱን ኮድ በእኔ ላይ ለጥፎ ቢሄድስ? ቀኑን ሙሉ ለእሱ ስሸጥለት መዋሌ አይደል?»

ይሄ እንኳን ደህና ጥያቄ ነው፤ ከተናገሩት ሁሉ ብቸኛው። በእርግጥም ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ወንጀለኞች የክፍያ ኮዶችን በራሳቸው እየተኩ ገንዘብ እንደሚያዞሩ ለሕዝብ አስጠንቅቋል። ኪውአር ኮድ ሲፈጠርም ለዚህ አልተሰናዳም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ የሠራው የመኪና መለዋወጫ ለመቆጣጠር ነው። በፍጥነት መነበብና ቆሽሾም መነበብ ነበር ጭንቀቱ። ማን ለጠፈው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ከአንድ የክፍያ ኮድ የተነበበውን ጥሬ ጽሑፍ አሳየች። በ000201 የሚጀምር የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ነው። ብዙ አገሮች የሚከተሉት ኢኤምቪኮ የተባለው የክፍያ ደረጃ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን አሠራር ነው። እያንዳንዱ መረጃ ሁለት አኃዝ መለያ፣ ሁለት አኃዝ ርዝመት፣ ከዚያ ይዘቱ ሆኖ ይሰደራል። መለያ 59 የነጋዴው ስም ነው፤ ከ25 ፊደል አይበልጥም። መለያ 54 የገንዘቡ መጠን ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 63 ባለአራት ፊደል መፈተሻ ይይዛል፤ ከሰንሰለቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ሂሳቡ አይገጥምምና አፑ አልቀበልም ይላል።

«ይኸው! ታዲያ የሌባውን ለምን አልቀበልም አይልም?» አሉ ሰውዬው፣ ያሸነፉ መስሏቸው።

«መፈተሻው የሚጠብቀው ከጭረትና ከብልሽት ነው፤ ከሌባ አይደለም። የሌባው ኮድም በራሱ ትክክለኛ ኮድ ነው፤ የእሱ ስም አለበት እንጂ።»

ስለዚህ ጥበቃው የሰው ሥራ ነው። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ወረቀቱን ጠርዝ ጠርዙን በጥፍር መዳበስ፤ ሁለተኛ ሽፋን ካለ ይታወቃል። ከዚያ በራስ ስልክ ስካን አድርጎ ስሙ እስኪመጣ ማየትና ሳይከፍሉ መውጣት። የሱቁን ስም ከኮዱ ሥር በትልቁ ጽፎ «ከመክፈልዎ በፊት ይህን ስም ይመልከቱ» ማለት። ኮዱ በር ላይ ሳይሆን ሻጩ ባለበት፣ ቢቻል ከመስታወት ሥር ይሁን። የሱቁ ስምና አፑ የሚያሳየው ስም ካልተመሳሰለ ደግሞ ደንበኛው ትክክለኛውንም ይጠራጠራል። የሱቅ ገንዘብ በዘመድ የግል አካውንት የሚቀበሉ ሰዎች ችግራቸው ከዚህ ይጀምራል።

የማተሚያ ቤቱ ሰው ተራው ደረሰ። ወደ እሱ ከሚመጡት ኮዶች ብዙዎቹ በመልእክት መላኪያ አፕ የተላኩ፣ የተጨመቁና ጠርዛቸው የደበዘዘ ምስሎች ናቸው። ከመነሻው ፒዲኤፍ ማተም ነው ያለበት። በኮዱ ዙሪያ የአራት ትንንሽ ካሬ ያህል ባዶ ነጭ ቦታ ግዴታ ነው፤ ባለሱቁ ግን ለማሳመር ብሎ ክፈፉን አስጠግቶ ያሠምርበታል፣ ካሜራውም ኮዱ የት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። ስፋቱ ከሚነበብበት ርቀት አንድ አሥረኛ ያህል ይሁን፤ ከ30 ሳንቲሜትር የሚነበብ 3 ሳንቲሜትር ይበቃዋል፣ ባንኮኒ ላይ የሚቆም ግን 8 ወይም 10 ቢሆን ሰው አይጎነበስም። ጥቁር በነጭ ላይ፤ የተገለበጠ ቀለም የማያነቡ ስልኮች አሉ። ላሚኔት ከተደረገ ደብዛዛው ይሻላል፣ የሚያብረቀርቀው አምፖሉን መልሶ ካሜራው ላይ ይጥለዋል። መሃሉ ላይ አርማ የሚፈልግ ከፍተኛውን የስህተት ማረሚያ ደረጃ (ኮዱ ከፊሉ ቢበላሽም እንዲነበብ የሚያደርገውን) ያስመርጥ፤ እስከ 30 በመቶ ጉዳት ይችላል። አርማው ከዚያ ላይ ከበላ ግን ለቆሻሻና ለጭረት የሚተርፈው ያንሳል።

ሰውዬው ይህን ሁሉ ሰምተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ወረቀቱ አማረም አላማረም፣ ላሟ ሰማይ ላይ ናት።»

የሚቀጥለው ክሳቸው ደንበኛ አንድ ዜሮ አሳንሶ መክፈሉ ነው። እሱ ደግሞ የቋሚ ኮድ ጠባይ ነው። ቋሚው የነጋዴውን ማንነት ብቻ ይይዛል፤ መጠኑን ደንበኛው ይጽፋል፣ ሲጽፍም ይሳሳታል። ተለዋዋጩን ሻጩ ለእያንዳንዱ ሽያጭ ያወጣዋል፤ መጠኑና የደረሰኙ ቁጥር ውስጡ ነው፣ አንዴ ከተከፈለበት ያበቃል። ስክሪን ወይም ማሽን ስለሚፈልግ ለሁሉም አይመችም። ለትንሽ ሽያጭ ቋሚው፣ ለትልቅ ሽያጭ ተለዋዋጩ ነው የሚሻለው። የቻይና ማዕከላዊ ባንክም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ በቋሚ ኮድ የሚከፈለውን ለአንድ ደንበኛ በቀን በ500 ዩዋን የገደበው ወረቀት እንደሚተካ ስለሚያውቅ ነው። ቋሚውን ብቻ የያዘ ደግሞ ደንበኛው ከማረጋገጡ በፊት «መጠኑን ላየው» ይበል። ሦስት ቃል አይሞላም።

ኔትወርክ ሲቆራረጥስ? እዚህ ላይ ልጅቷ ራሷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ከሱቆቿ ሁሉ ራስ ምታት የሚሆንባት ይሄ ነው። ከደንበኛው ተቀንሷል፣ ለሻጩ አልገባም፣ ሁኔታው «በሂደት ላይ» ይላል። ትልቁ ስህተት «እንደገና ክፈል» ማለት ነው፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሁለቱም ይገባሉና። በግብይት ቁጥሩ አፑ ላይ መፈለግ፣ ካልተገኘ ዕቃውን ለይቶ አስቀምጦ ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር መዝግቦ መያዝ፣ ደንበኛው ከቸኮለ በጥሬ ገንዘብ መቀበልና የዘገየው ሲገባ መመለስ። የሚመለሰውም በዚያው ግብይት ላይ ባለው «ተመላሽ» ቁልፍ ነው። «በትርፍ ልኬያለሁ፣ ልዩነቱን በዚህ ሌላ ቁጥር ላክልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የገባውን ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ የገባ ነገር የለም። «ገንዘብ እንዲገባልህ ይህን ስካን አድርገህ ፒንህን አስገባ» የሚልም ሌባ ነው፤ ገንዘብ ለመቀበል ፒን አይጠየቅም።

ማታ ደግሞ ማመሳከር አለ። የሽያጭ መዝገቡ፣ የአፑ የቀን ሪፖርትና ወደ ባንክ የገባው ገንዘብ ሦስቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ኮሚሽኑ ተቀንሶበታል፣ ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ የተከፈለውም ወደ ነገ አልፏል። ይህን የማያውቅ ባለሱቅ ሻጩን ሌባ ነህ ይላል። ሁለት ባንኮኒ ያለው ለየባንኮኒው የተለየ ኮድ ያውጣ፤ የተርሚናል መለያ የሚገባበት ቦታ ኮዱ ውስጥ አለ፣ ጉድለቱ ከየትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

ሰውዬው በመጨረሻ ኮሚሽኑን አነሱ፤ «የእኔን ላም እነሱ ያልቧታል» አሉ። ልጅቷ ይህን ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ። «ጋሼ፣ ወተቷን ያላዩት ላሟ ሰማይ ላይ ስለሆነች አይደለም። በሰው በረት አይተው የኔ ናት ስላሉ ነው።» ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ትንሽ ፈገግ አሉ።

እኔ ፍርዴን ቀድሜ ሰጥቻለሁና አልደብቀውም፤ ልጅቷ ናት የረታችው። ሰውዬውን የዘረፋቸው ወረቀቱ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ደንበኛው ስልኩን ሲያሳያቸው «ቆይ በእኔ በኩል ልየው» ማለት አፍረዋል። «አታምኑኝም?» ይላላ! ማጣራት ስድብ የሆነበት ዘመን ላይ ነን። የሚያጣራ ሻጭ ጨቅጫቃ ይባላል፣ ስክሪን አይቶ የሚሸኝ ደግ ይባላል፣ አታሎ የሄደውን ደግሞ ጮሌ እያልን እናደንቀዋለን። ኮዱን የሚያድሉትም ቢሆኑ ለጥፈው፣ ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ፤ የገቢ ዝርዝሩ የት እንደሚከፈት አምስት ደቂቃ ቆሞ የሚያሳይ የለም። ስንት ሱቅ እንደለጠፈ ይቆጠርለታል፤ ስንቱ እንዳወቀበት ማንም አይጠይቀውም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ዝምታው ነው። የተታለለ ነጋዴ ሞኝ እንዳይባል ይደብቃል፤ ደፍሮ የሚያወራ ቢገኝም እንደ ሰውዬው ኮዱን ይራገማል እንጂ እንዴት እንደተበላ አይናገርም። የግብይት ቁጥሩን ይዞ ለክፍያ ድርጅቱ የሚያመለክት የለም፤ የአጭበርባሪውን አካሄድ ለጎረቤት የሚነግርም የለም። ሰውዬውን የበላቸው ሰው ያንኑ ስክሪንሾት መጠኑን ብቻ ለውጦ ከጎናቸው ላለው ሱቅ ሲያሳይ፣ እሳቸው በራቸው ላይ ቆመው ስለ ላሟ ያወራሉ።