ሽፋኑን መንቀል የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው

አንድ ጸሐፊ ዘመናዊ ስፖርት ሞተር ሳይክልን ወደ ካፌ ሬሰር (ለፍጥነት ወደተራቆተ የድሮ ዘይቤ ሞተር ሳይክል) ለመለወጥ የፕላስቲክ ሽፋኑን ነቅሎ ክብ መብራትና ጠፍጣፋ መቀመጫ መግጠም እንደሚበቃ መግለጻቸው አላሳመነኝም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ለንደን ውስጥ በኤስ ካፌ ይሰባሰቡ የነበሩ ወጣቶች ሞተራቸውን የሚያራቁቱት ክብደት ቀንሰው በሰዓት 100 ማይል ለመድረስ ነበር፤ የትራያምፍ ሞተር ሳይክልን ኤንጂን በኖርተን ሞተር ሳይክል ሻንሲ (አጽም) ላይ አሳርፈው «ትራይተን» የሠሩትም ለዚሁ ነው።

የዛሬው ስፖርት ሞተር ግን ፍጥነቱን አስቀድሞ ይዞታል፤ ችግሩ ሌላ ነው። የራሴን ባለ 600 ሲሲ ሞተር ሽፋን ባወለቅሁ ቀን ከራዲያተሩ ጎን የተጠማዘዙት የጎማ ቱቦዎች፣ የትርፍ ውኃው ነጭ ፕላስቲክ ዕቃና በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለው የሽቦ እስር ለዓይን ታስበው ስላልተሠሩ ለእያንዳንዳቸው አዲስ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነብኝ። ታንኩን በአሮጌ ታንክ ለመተካት የሚያስብ ሰው ደግሞ የነዳጅ ፓምፑ አብዛኛውን ጊዜ ታንኩ ውስጥ፣ የአየር ማጣሪያው ሳጥንም ከሥሩ እንደሚገኝ ይወቅ፤ ሳጥኑ ወጥቶ ክፍት ማጣሪያ ሲተካ የነዳጅና የአየሩ ምጣኔ ይዛባልና ነዳጁን የሚመጥነው የሞተሩ ኮምፒውተር እንደገና መስተካከል አለበት። መቀመጫውን የሚሸከመው የኋላ ሻንሲ በብዙዎቹ ላይ አልሙኒየም ስለሆነ፣ የሰው ክብደት የሚያርፍበት እንደመሆኑም፣ እባካችሁ ቆርጦ ማሳጠሩን በአልሙኒየም ብየዳ ለሠለጠነ ባለሙያ ስጡ። መሪውን ግን አትንኩት፤ በፊት ሹካው ላይ ዝቅ ብሎ ለየብቻ የተገጠመው የግራና የቀኝ እጀታ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ የካፌ ሬሰር መሪ ነው።