ደንቡ ይኑርልን

ደንቡ ደርሷችኋል ብዬ አምናለሁ። በድሬዳዋ ያልደረሰው ሰው ካለ ስልኩ የተሰረቀበት መሆን አለበት። አሮጌ ሳንቲም፣ ቴምብር፣ የወረቀት ብርና የባቡር ቅርሳ ቅርስ የሚያጠራቅሙ ሰዎች ያቋቋሙት አንድ የከተማችን ማኅበር «ለአባላት ብቻ የሚካሄድ የኢንተርኔት ጨረታ መተዳደሪያ ደንብ» የሚል ሰነድ አውጥቷል። አባል ያልሆንሁት እኔ ሰነዱን ከአክስቴ ልጅ፣ ከፀጉር አስተካካዬና ከቀድሞ አለቃዬ በተከታታይ ተቀበልሁት። ለአባላት ብቻ የሆነ ነገር አባል ላልሆነው ሁሉ ለምን ይላካል ብሎ መጠየቅ አላዋቂነት ነው። አጥር የሚታጠረው ውጭ ያለው እንዲያየው ነው እንጂ ውስጥ ላለውማ ምን ያደርግለታል?

38 አንቀጽ አለው። አንቀጾቹ ንዑስ አንቀጽ ወልደዋል፤ ንዑስ አንቀጾቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ ወልደዋል፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ «ከላይ የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ» እያሉ ወላጆቻቸውን ይሽራሉ። በየገጹ ክብ ማኅተም አርፏል፤ በአንዳንዱ ገጽ ማኅተሙ ጽሑፉን ስለሸፈነው በዚያ በኩል ደንቡ ምን እንደሚል የሚያውቁት ያተሙት ብቻ ናቸው። ደንብ መውደዳችን የታወቀ ነው፤ ሦስት ሰው ለቡና ሲቀመጥ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ሒሳብ ሹም ሳይመረጥ ጀበናው አይወርድም። ቢሆንም ኪስ ውስጥ የሚገባ ሳንቲም ለመሸጥ ይህን ያህል የሕግ ጥበብ ሲፈስስ አላየሁም። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው።

አንቀጽ 4 በጨረታው የሚሳተፈው አባል ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 5 ደግሞ ለአባልነት የሚያመለክት ሰው ቢያንስ አንድ የማኅበሩን ጨረታ ማሸነፉን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያቀርብ ያዛል። ይህን ያነበበ አንድ ወዳጄ ራሱን ይዞ «አቦ፣ ታዲያ የመጀመሪያው ሰው እንዴት ገባ?» አለኝ። የመጀመሪያው ሰውማ ደንቡን የጻፈው ነው።

ጨረታው የሚካሄደው በቴሌግራም ነው፤ ዘመናዊ ነን። የመጀመሪያው ዋጋ ግን በወረቀት ተጽፎ፣ ኦሪጅናልና ኮፒ ተለይቶ፣ በሁለት የታሸጉ ኤንቨሎፖች፣ ከ1,000 ብር ሲፒኦ ጋር ከዚራ ሰፈር ከሚገኘው የጸሐፊው ቤት በአካል ይቀርባል። ጸሐፊው ኤንቨሎፑን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ቡድኑ ላይ ይለጥፈዋል፤ ኢንተርኔቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የዕቃው መነሻ ዋጋ 150 ብር ቢሆንም የጨረታ ማስከበሪያው ያው 1,000 ነው። ለአንዲት ቴምብር ባንክ ቤት ተሰልፎ ሲፒኦ ያሠራ ሰው፣ ሲፒኦውን ራሱን አስቀምጦ ቢሰበስበው ሳይሻለው አይቀርም።

የመዝጊያው ሰዓት ምርጫ ደግሞ የሊቅ ሥራ ነው፦ ከቀኑ 8 ሰዓት። ድሬዳዋን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከቀትር በኋላ ሱቁ ተዘግቷል፤ ሰዉ ግማሹ አየር ማራገቢያ ሥር ተዘርግቷል፤ ግማሹ በርጫ ላይ ተቀምጦ ዓለምን እያስተካከለ ነው። በዚያ ሰዓት ከዚራ ላይ ቦታውን የሚቀይር ነገር ቢኖር የዛፍ ጥላ ብቻ ነው። ነቅተው ዋጋ የሚጨምሩት ሰዓቱን የመረጡት ሰዎች መሆናቸው የትጋታቸው ዋጋ ነው። የሐረር አባላትም አልተረሱም። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ቀዝቀዝ ይላል፤ ነዋሪዎቿ በዚያ ሰዓት ነቅተው መገኘታቸው «ያልተገባ ብልጫ» ስለሚሰጣቸው ዋጋ የሚያስገቡት በድሬዳዋ ወኪል በኩል ብቻ እንዲሆን በአንቀጽ 11 ተደንግጓል። ወኪሉስ? ተኝቷል።

አሁን ወደ አንቀጽ 17 ልምጣ። ይህን አንቀጽ ካነበብሁ ወዲህ ምግብ በአግባቡ አልተዋሐደኝም። «የአንድ ሳንቲም ዕድሜ የሚሰላው በላዩ ላይ በተጻፈው ዓመት ነው፤ መነሻ ዋጋውም በዓመት 20 ብር ሒሳብ ይተመናል።» ቀላል፣ ግልጽ፣ የማያሻማ። በዚህ አንቀጽ መሠረት አንድ አባል የኦስትሪያዋን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን መልክ የያዘ ጠገራ ብር ለጨረታ አቀረበ። ላዩ ላይ 1780 ይላል። «ሁለት መቶ አርባ ዓመት ያለፈው፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ብቸኛው» ተብሎ ተጻፈለት፤ ዋጋውም ተሰላ። ቡድኑ በጭብጨባ ምልክት ተጥለቀለቀ።

በማግሥቱ ሌላ አባል ከእናቱ ሣጥን አንድ ጠገራ ብር አወጣ። እሱም 1780 ይላል።

እዚህ ላይ አንቀጽ 18 ሥራ ጀመረ፦ «ተመሳሳይ ዓመት የያዙ ሁለት ዕቃዎች ከቀረቡ አንደኛው ሐሰተኛ እንደሆነ ይገመታል።» ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሁለቱን ሳንቲሞች ይዞ የደንገጎን ዳገት ወጣና ሐረር ጁገል ውስጥ ወርቅ ሠሪ ዘንድ አስመዘናቸው። ሁለቱም 28 ግራም ከትንሽ ሆኑ። ክብደታቸው እኩል መሆኑ አንዱ ከሌላው መቀዳቱን እንደሚያረጋግጥ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ወርቅ ሠሪው ግን ሳቀ፤ ከመሳቢያው አንድ እፍኝ ጠገራ ብር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈላቸው። ሁሉም 1780። ኮሚቴው ወርቅ ሠሪውን የሐሰተኞች መረብ ዋና አንቀሳቃሽ ነው ብሎ በጥብቅ ምሥጢር መዘገበው።

ወርቅ ሠሪው ለምን እንደሳቀ የሐረር አያቶች በሙሉ ያውቃሉ። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ነጋዴው የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ስላለ፣ ከሞተች በኋላ የታተመው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ቪየና አተመችው። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳተመው። ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ብራስልስም፣ ቦምቤይም አተሙት። ሁሉም 1780 ብለው። የሐረር ቡና የተሸጠው በዚህ ብር ነው። የገበያው ሰው እውነተኛውን የሚለየው ደረቷ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዘጠኝ እንቁዎች በጣቱ እየቆጠረ ነበር፤ ለዚህ ኮሚቴ አላቋቋመም፤ ቃለ ጉባኤም አልያዘም።

ኮሚቴያችን ግን በቀላሉ የሚረታ አይደለም። ለማመሳከሪያ የሚሆን በ1781 የታተመ ጠገራ ብር ላመጣ አባል ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። መጣለት! ሽልማት ተነግሮ የማይመጣ ነገር በዚህ ከተማ አልተፈጠረም። አንድ አባል 1781 የሚል፣ የንግሥቲቱ አፍንጫ ትንሽ የተጣመመ፣ ገና የሞረድ ሽታው ያልለቀቀው ብር አቀረበ። ኮሚቴው አንቀጽ 18ን ከፊት ለፊቱ ዘርግቶ መረመረ። ተመሳሳይ አልተገኘለትም። ስለዚህ ከቀረቡት ሁሉ እውነተኛው እሱ ብቻ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ፤ ማኅተም ያለው የምስክር ወረቀትም ተሰጠው። የተቀሩት «አጠራጣሪ» ተብለው በመዳብ ዋጋ ለኮሚቴው አባላት ተላለፉ። ከሺህ እጁ 833 ንጹሕ ብር የሆነ መዳብ!

አንድ ነገር ልጨምርና ይህን ጉዳይ ልተወው። የጠገራ ብሩ ጠርዝ ላይ በላቲን «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። በማኅበሩ የዕቃ መግለጫ ላይ እንዲህ ተብሎ ሰፍሯል፦ «ጉድለት፦ ጠርዙ ዙሪያውን ተጭሯል።»

ስለ ቴምብሩ ብዙ አልልም። በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ከታተሙት ከመጀመሪያዎቹ 7 ቴምብሮቻችን፣ አራቱ ምኒልክን ሦስቱ አንበሳውን ከያዙት፣ አንዱ ቀርቦ ነበር። ፎቶው ማታ በሻማ የተነሣ ስለሆነ ምኒልክ ይሁን አንበሳው መለየት አልተቻለም። የጠየቀ ተጫራች «ዕቃው ባለበት ሁኔታ ይሸጣል» የሚለው አንቀጽ ተጠቅሶለት ለአንድ ወር ታገደ። የወረቀት ብር ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ለብቻቸው መወደስ አለባቸው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖት ሲቀየር ሦስት ወር ተሰጥቶ ነበር። ፍራሽ ሥር የከተተውን የት እንዳመጣው ሳይጠየቅ መቀየር ያልቻለው ሁሉ፣ ሦስት ወሩ ባለቀ ማግሥት የታሪክ ፍቅር አድሮበት ሰብሳቢ ሆኖ ተነሣ። ስብስቡ ግሩም ነው፤ አንድ ዓይነት ኖት በጆንያ።

አንቀጽ 22 ግን አያስቅም።

«አባል ያልሆነ ሰው ዕቃውን ለመሸጥ ቢፈልግ በአባል በኩል ብቻ ያቀርባል።» በዚህ አንቀጽ የገቡ አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ በምድር ባቡሩ የጥገና ክፍል ሠርተው ያለፉ ናቸው። ይህች ከተማ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሶ ባይቆም ኖሮ አትቆረቆርም ነበር፤ ያቆሟትም እንደ እሳቸው ያሉ ዘይት የጠገበ ቱታ የለበሱ ሰዎች ናቸው። ሣጥናቸው ውስጥ የእጅ ፋኖስ፣ የካርቶን ቲኬቶች፣ የሠራተኛ መታወቂያና በመሐረብ የተቋጠረ ጥቂት የምኒልክ ብር ነበር። እናቲቱ የቤት ኪራይ ደርሶባቸው ሣጥኑን ለአንድ አባል ሰጡ። አባላቱ ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ተደዋወሉ፤ አንዱ በመነሻ ዋጋ እንዲወስድ፣ ሌላው እንዳይጨምር ተስማሙ። ሣጥኑ በመነሻ ዋጋ ሄደ። በዚያው ማታ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ዕቃውን እርስ በርሳቸው እንደገና ተጫረቱበትና ትርፉን ተከፋፈሉት። ይህ ስርቆት ነው። ማኅተም ያለው፣ ቃለ ጉባኤ የተያዘለት ስርቆት ነው። የሐረር ጅቦች እንኳን የሚበሉት በአደባባይ፣ በስማቸው ሲጠሩ፣ ሰው እያያቸው ነው። በ38ቱ አንቀጽ ውስጥ ተጫራቾች አስቀድመው ዋጋ እንዳይስማሙ የሚከለክል አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ በስም እንኳን አልተጠራም፤ ያ ሣጥን ነገ ድንበር ቢሻገር ማንም አይጠየቅም። ደንቡ የሚያውቀው ክልከላ ቢኖር አንቀጽ 30 ነው፦ ሻጭ ጨረታው ስንት ላይ እንደተዘጋ መጠየቅ አይችልም።

እሺ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ።

አንቀጽ 26 ሻጭ በራሱ ዕቃ ላይ ዋጋ መጨመር እንደማይችል ይደነግጋል። ይህ ደንብ በጥብቅ ይከበራል፤ የሚጨምረው የሚስቱ ወንድም ነው። አንቀጽ 27 ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዋጋ ከተጨመረ ጨረታው በአምስት ደቂቃ ይራዘማል ይላል። የሚያራዝመው ሰው ስልኩን ይዞ የተቀመጠው ሊቀመንበሩ ነው፤ የሚመኘው ሰው እየመራ ከሆነ ሰዓቱ በሰላም ይሞታል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ከሆነ አምስቱ ደቂቃ እንደ ፋሲካ ጾም ይረዝማል። አንቀጽ 31 የመላኪያ ወጪ በገዢው ይሸፈናል ይላል፤ ገዢና ሻጭ አንድ ግቢ ቢኖሩም። አንቀጽ 33 ቅሬታ ያለው አባል ቅሬታውን በሦስት ኮፒ ለቅሬታ ሰሚው እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ቅሬታ ሰሚው ከላይ የተጠቀሰው የሚስት ወንድም ነው።

የመጨረሻው አንቀጽ 38 ከጋዜጣ የጨረታ ማስታወቂያ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ነው፦ «ማኅበሩ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።» እስካሁን በሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ነው አሉ። ሳቢያን የሚኖር አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አባል በሆነው አጎቱ ስም ኤንቨሎፕ አስገብቶ፣ በዚያ ቀትር ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ፣ እንቅልፉን ትቶ ለአንድ የምኒልክ አላድ፣ ለግማሽ ብር ሳንቲም፣ እስከ 2,600 ብር ጨመረ። አምስቱ ደቂቃ ደጋግሞ ቢራዘምም የሚበልጠው አልተገኘም፤ አሸነፈ። ማታ ላይ ጨረታው መሰረዙን፣ የተሻለ አማራጭ መገኘቱን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ቡድኑ ላይ ተለጠፈ። የተሻለው አማራጭ 2,200 ብር ነበር።