ጃምቦ ስንት ያህላል?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደብረ ብርሃን ላይ ጃምቦ አዘዝኩ። በዚያ ብርድ አረቄ ትቶ ድራፍት የሚያዝ ሰው የመጣበትን ይቻለው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ግን የመጣልኝ ብርጭቆ ግማሹ አረፋ ነው። ቢራው የእጀታውን ወገብ አላለፈም።

«ወንድሜ፣ እኔ ያዘዝኩት ጃምቦ ነው።»

«ጃምቦ ነው እኮ ጋሼ።»

እንደ ጅብራ ተገትሮ ያየኛል። (ጅብራን የማያውቅ መንዝ ጓሳ ይውጣ። ሳር መሃል ከሰው ቁመት በላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ተክል ነው። ጃምቦ ያለው ሰው ግን የለም።)

ለመሆኑ ጃምቦ ማነው? ዝሆን ነበር። ያውም የጎረቤት ልጅ። ግልገል ሳለ ሱዳንና የዛሬዋ ኤርትራ በሚዋሰኑበት አካባቢ ተያዘ። ከዚያ በፓሪስ አድርጎ በ1865 እ.ኤ.አ. የለንደን መካነ አራዊት ገባ። የእንግሊዝ ልጆች ጀርባው ላይ እየወጡ አደጉ። ጠባቂው ማቲው ስኮት ቢራ ያጠጣው ነበር። በዚህኛው ብርጭቆ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። በ1882 ባርነም የሚባል አሜሪካዊ የሰርከስ ነጋዴ በ10,000 ዶላር ገዛው። ለንደን አለቀሰች፤ ልጆች ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የሰማቸው የለም፣ ሄደ። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ ካናዳ ውስጥ ባቡር ገጨውና ሞተ።

ስሙ ከስዋሂሊ ሳይመጣ አይቀርም የሚሉ አሉ፤ ከ«ጃምቦ» ሰላምታው ወይም «ጁምቤ» ከሚለው የአለቃ መጠሪያ። ዝሆኑ ሳይወለድም ግን እንግሊዞች በሰፈር ቋንቋቸው ግዙፍና ዝርክርክ ሰውን ጃምቦ ይሉት ነበር። ቃሉን አገር ለአገር ያዞረው የባርነም ማስታወቂያ ነው። አባቶች «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ይህን ተረት እወደዋለሁ። ዝሆኑ ከሞተ በኋላ ስሙ አውሮፕላን ላይ ወጣ፤ ቦይንግ 747 ጃምቦ ጄት ተባለ። ይገባዋል፣ መንደር ሙሉ ሰው ይጭናል። ከዚያ ግን ስሙ ወርዶ ወርዶ እኔ ፊት ያለችው ብርጭቆ ውስጥ ገባ። ያውም አረፋው ላይ።

ስለ አረፋ ካነሳን፣ ቅኔ ቤት የከረሙ አጎት አሉኝ። «ግዙፍ» የሚለውን ቃል ለትልቅነት ብቻ ስናውለው ይናደዳሉ። «ግዙፍ ማለት የሚዳሰስ፣ የሚጨበጥ ነው ልጄ። ተቃራኒው ረቂቅ ነው። መላእክት ረቂቃን ናቸው። ጠጠር ግን ትንሽ ብትሆንም ግዙፍ ናት» ይላሉ። በእሳቸው ሚዛን ስለካው ብርጭቆዬ ግማሹ ግዙፍ፣ የቀረው ረቂቅ ነው። ሒሳቡ ላይ ግን ረቂቅ ነገር የለም።

ይህን ስል የብርድ ልብሱ ነገር ትዝ አለኝ። 8 ዓመት ሆነው፣ አልረሳሁትም። ሁለት መደርደሪያና አንድ ሚዛን ያላት ሱቅ በራፏ ላይ «ግዙፍ ሱፐርማርኬት» ብላ ጽፋለች። ባለቤቱ «ጃምቦ ብርድ ልብስ ነው፣ ለሁለት ሰው ይበቃል» ብሎ ሸጠልኝ። እግሬን ሳለብስ ራሴ ይወጣል፣ ራሴን ሳለብስ እግሬ። ይህን ሁሉ የማየው እንግዲህ ብርድ ልብስ በሚመረትባት ከተማ ነው! ልመልስ ስሄድ «አንተ ረጅም ሆነህ ነው» አለኝ። እኔ! ፎቶ ስንነሳ ሁሌ ፊት የምቆመው እኔ! እስከ ዛሬ በዚያ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። አያቴ መንዝ የምትለብሰው ባና ግን ከላይ ሲጭኑት ትንፋሽ ያሳጥር ነበር። ስሙ ባና ብቻ ነው። ጃምቦ ባና የሚል ሰው ቢመጣ አያቴ ዞር ብላም አታየውም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ድራፍቱ። ሳወራ አረፋው ረግቶ ቢራው ሞቋል። ደብረ ብርሃን ላይ ቢራ ይሞቃል? ሞቀ።

«ይደገም ጋሼ?»

«ሲንግል አምጣልኝ።»

አመጣ። ከጃምቦው ጎን አቆምኩት። ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው እኩል ሆኜ ለካሁ። ቢራቸው እኩል ነው። ጃምቦው እጀታ አለው።