ቅሬና ባልዲ

ልጅ ሆኜ የሰፈራችን አንድ ቤት ሲቃጠል አይቻለሁ። ደሴ ነው፣ ጦሳ ግርጌ፣ ቤት ከቤት ግድግዳ ተጋርቶ በተደረደረበት ሰፈር። ሌሊት ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት የሴቶችን እሪታ ነው። አባቴ ጋቢውን እንደተከናነበ ወጣ። እኔም ተከትዬው ስወጣ ሰፈርተኛው በሙሉ ደጅ ነው። ጀሪካን የተሸከመ አለ። ሰፌድ ሙሉ አመድ ይዛ የምትሮጥ አለች። አፈር የሚዝቅ አለ።

ከሁሉም ያልረሳኋቸው ግን ጣሪያ ላይ የወጡትን ነው። የሚነደውን ቤት ትተው የጎረቤቱን ቤት ቆርቆሮ በባዶ እጃቸው ይገነጥሉ ነበር። ደህናውን ቤት ለምን እንደሚያፈርሱ ያኔ አልገባኝም። እሳቱ የሚሻገርበትን መንገድ እየቆረጡ ነበር ለካ። አንዱ ቤት ወደመ፣ ቀሪው ሰፈር ተረፈ። በማግስቱ የብዙዎቹ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሎ አየሁ።

ያ ሌሊት ድንገት የታወሰኝ ከስንት ዓመት በኋላ አሜሪካ ነው፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ በምኖርባት ትንሽ ከተማ። ጎረቤቴ ቤት ምጣድ ላይ ያለ ዘይት ተቀጣጠለ። 911 ተደወለ። ወዲያው ከከተማዋ መሃል ሳይረን ጮኸ። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ደረሰ። ከወረዱት መካከል ሁለቱን አወቅኋቸው። አንዱ መኪናዬን የሚጠግንልኝ መካኒክ ነው። ሌላዋ የምገበያይበት ሱቅ ካሸር ናት። ያን ከባድ ልብስ ለብሰው፣ ጭንብል አጥልቀው ጭሱ ውስጥ ገቡ። እሳቱ ጠፍቶ ሰው ሲረጋጋ ጎረቤቴን ስለ ደመወዛቸው ጠየቅኋት። «ደመወዝ የላቸውም» አለችኝ፣ «የእኛው ሰዎች ናቸው።»

ይህ የአንዲት ትንሽ ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ነበሩ። ከመቶው 65 ያህሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጀርመንም ቢሆን እሳት የሚያጠፋው በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛው ነው።

ነገሩን ስከታተል ወደ አጀማመሩ ሄድኩ። ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሚባለው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጓደኞቹ ፊላደልፊያ ላይ ዩኒየን የተባለውን የእሳት አጥፊዎች ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1736 ነው። 30 ያህል ሰዎች ነበሩ። መኪና የለም፣ ሞተር የለም። እያንዳንዱ አባል በራሱ ወጪ ሁለት የቆዳ ባልዲና አራት ከረጢት አዘጋጅቶ ቤቱ እንዲያስቀምጥ ተዋዋሉ። ባልዲው ለውሃ ነው። ከረጢቱ ደግሞ ከሚቃጠለው ቤት ዕቃ ለማውጣት። በወር አንድ ጊዜ ማታ ይሰበሰባሉ። የቀረ ይቀጣል። ፍራንክሊን ራሱ እንደጻፈው፣ በዚያ የቅጣት ገንዘብ ነው የውሃ መርጫ፣ መሰላልና ጣሪያ ጎትቶ የሚያወርድ የእሳት መንጠቆ የተገዛው።

እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ይህ እኮ ቅሬ ነው!

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ቅሬም በወር ይሰበሰባል። መዋጮ አለው። የቀረ ይቀጣል። በዚያ ገንዘብ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት ይገዛል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ውስጥ ነው፣ አንዱ የሌላውን ቀብር ይወጣል። ገጠር ስትወጡ ደግሞ፣ ተሁለደሬም ኩታበርም ብትሉ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ያው ጎረቤት ነው። ሳር ቤቱ የተቃጠለበትንም ሰው እንጨትና ሳር አዋጥቶ በደቦ ቤቱን መልሶ ይሠራለታል። ስለዚህ «የእኛ ሰው በጎ ፈቃድ የለውም» የሚል ሰው ስሰማ ይከነክነኛል። ውጭ አገር በቆየሁ ቁጥር ይህ አባባል ስህተት መሆኑ ይበልጥ እየታየኝ ነው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የእኛ ቅሬ እሳቱ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ያጽናናል፣ ያበላል፣ ቤት ይሠራል። የእነሱ ማኅበር ደግሞ ከእሳቱ በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በየሳምንቱ አንድ ማታ ይለማመዳሉ። አንድ ቀን ቆሜ አየኋቸው። ቧንቧ በሌለበት ገጠር ውሃ እንዴት እንደሚያመላልሱ ነበር የሚለማመዱት። የሚታጠፍ ትልቅ ገንዳ መሬት ላይ ይዘረጋሉ። ቦቴው ውሃውን ገልብጦበት ሌላ ሊያመጣ ይሄዳል። እሳት የሚያጠፋው መኪና ከገንዳው እየሳበ ይረጫል። ያኔ በፈረቃ የሚመጣው የደሴ ውሃ ትዝ አለኝ። በየግቢው ያለው በርሜልና ሮቶ የማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ አስቀድሞ ቢታወቅ ስንት ነገር ይቀይራል።

ደሴ ላይ ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። ዳገቱን ታውቁታላችሁ። ብዙው የውስጥ ለውስጥ መንገድ መኪና አያስገባም። ስፖንጅ ሶፋና ፍራሽ ያለበት ክፍል ደግሞ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ሙሉ በሙሉ ሊነድ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የማንም ሳይሆኑ የጎረቤት ናቸው። ጎረቤት ደግሞ ማወቅ አለበት። የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ ከደፋህ እሳቱን ትረጨዋለህ፣ ክዳን መክደን ነው። የኤሌክትሪክ እሳት ከሆነ መጀመሪያ ከቆጣሪው ይጠፋል። ይህን ለመማር ዲግሪ አያስፈልግም፣ አንድ የቅሬ እሁድ ይበቃል።

እነሱም ችግር አለባቸው፣ አልደብቅም። ፔንሲልቬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ 300 ሺህ ገደማ የነበሩት በጎ ፈቃደኞች ዛሬ ከ40 ሺህ በታች ወርደዋል። ሰው ሩቅ ሄዶ ይሠራል፣ ሁለት ሥራ ይይዛል። ሥልጠናውም ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። መካኒኩ እንዳለኝ፣ ቀን ላይ ሳይረን ሲጮህ አንዳንዴ የሚደርሱት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለ ቅሬ ነገርኩት። የሰፈሩ ሰው በሙሉ አባል ነው ስለው ደጋግሞ ጠየቀኝ። «በሙሉ?»

ባለፈው ጥቅምት ደሴ ሄጄ ነበር። የቅሬያችንን ዳኛ፣ ማለትም ሰብሳቢውን፣ በስብሰባው ላይ ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ ተናገር» አሉኝ። የባልዲውንና የመንጠቆውን ታሪክ ነገርኳቸው። ጣሪያ ላይ ከወጡት አንዱ፣ ዛሬ ሽማግሌ ናቸው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠባሳውን አሳዩ። «መንጠቆ ቢኖረን ኖሮ» አሉ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ስለ ዕቃው ብዙ ክርክር አልነበረም። ብየዳ ቤት ሁለት ረጅም የብረት መንጠቆ ይሠራ ተባለ። ሁለት መሰላልና አራት የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይገዛ፣ ከድንኳኑ ጋር መጋዘን ይቀመጥ ተባለ። ክርክሩ የመጣው ቁልፉ ላይ ነው። መጋዘኑ ሌሊት ይቆለፋል፣ ቁልፉ ዳኛው ጋ ነው፣ የዳኛው ቤት ደግሞ ታች ነው። እስኪመሽ ተነጋገሩበት። በመጨረሻ ሦስት ቁልፍ ይቀረጽ ተባለ። አንዱ ዳኛው ጋ ቀረ። አንዱ ለመጋዘኑ ቅርብ ለሆነው ቤት ተሰጠ። ሦስተኛውን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ዳቦ የምትጋግር ሴት ወሰደች፣ በዚያ ሰፈር ከእሷ ቀድሞ የሚነቃ ሰው የለም።