በ9 እና በ59 ዲግሪ መካከል፦ በንጽጽራችን የምንረሳው መሬት

በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በተገናኘን ቁጥር ሁለቱን አገር ማወዳደር ልማዳችን ነው። እኔ በምኖርበት በስቶክሆልም፣ ከቅዳሴ በኋላም ሆነ በሠርግ ቤት፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወደ ደመወዝ፣ ወደ ግብር፣ ወደ ሕክምናና ወደ ሰዉ ጠባይ ይሄዳል። የእነሱ ሰዓት አክባሪነትም፣ ዝምታቸውም፣ የእኛ ሞቅ ያለ ማኅበራዊ ኑሮም፣ የእኛ ድህነትም ሁሉ በሰው ባሕርይና በመንግሥት ብቻ ሲተረጎም እሰማለሁ። ሁለቱ ሕዝቦች የቆሙበት መሬት ግን ስሙ አይነሣም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9ኛው ዲግሪ፣ ስቶክሆልም ደግሞ በ59ኛው ዲግሪ ላይ መገኘታቸው፣ አንደኛዋ በተራራ ላይ፣ ሌላዋ በባሕር ዳር መቆማቸው፣ እንደ ትንሽ ነገር ሊታለፍ አይገባውም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከካርታው ነው። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየነው የዓለም ካርታ በአብዛኛው ጄራርዱስ መርካቶር በ1569 እ.ኤ.አ. ለባሕር ተጓዦች ባወጣው ስልት የተሠራ ነው። መርከበኛው የኮምፓሱን አቅጣጫ ሳይለውጥ የሚጓዝበትን መንገድ ቀጥ ባለ መስመር ስለሚያሳየው ለዚያ ሥራ ድንቅ ካርታ ነው፤ ነገር ግን ከምድር ወገብ የራቁትን አገሮች ከልክ በላይ ይለጥጣል። በዚህ ካርታ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን የምታህል ትመስላለች፤ በእውነቱ አፍሪካ የግሪንላንድን 14 እጥፍ ያህል ትሰፋለች። ስዊድንም ከኢትዮጵያ እጅግ የምትበልጥ ሆና ትታያለች፤ ሆኖም የስዊድን ስፋት 450,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ገደማ ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን የወላጆቻቸውን አገር መጠን የሚማሩት ከዚህ ሥዕል መሆኑ ያሳስበኛል።

ከስፋቱ ይልቅ ሰውን የሚያስገርመው ከፍታው ነው። የስዊድን ከፍተኛ ተራራ ኬብኔካይሴ ይባላል፤ በአገሪቱ ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኝ፣ ግግር በረዶ ያለበት፣ ወጣቶች በበጋ መሣሪያ ታጥቀው የሚወጡት፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ከዚህ ተራራ ጫፍ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ስልካቸውን አውጥተው ሳያረጋግጡ አያምኑኝም፤ አፍሪካ ሲባል በልቡናቸው የሚመጣው ዝቅ ያለና የሚያቃጥል ሜዳ ነውና። ፓናማ ሲቲ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ የኬክሮስ መስመር ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም በ9ኛው ዲግሪ አካባቢ ናቸው። የፓናማ ሲቲ አማካይ ሙቀት ግን 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን የአዲስ አበባ 16 ገደማ ነው። ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት ከፍታው ነው። ሰው ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር በወጣ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል።

አባቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር አውቀው አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፍለውታል። አውሮፓዊ አየሩን የሚለየው በሰሜንና በደቡብ ነው፤ እኛ የምንለየው በላይና በታች ነው። ከደብረ ብርሃን በማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመስኮት ማንጎ ይገዛል። ይህ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ስዊድን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ትረዝማለች፤ ያን ሁሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው ግን ከጥድ ጫካ ወጥቶ ስንዴ እርሻ ላይ ነው የሚደርሰው። የእኛ ገበሬ ገብስና ማሽላ፣ ባቄላና ሙዝ በአንድ ገበያ ላይ ሊያገናኝ የቻለው መሬቱ ስለቆመ ነው። ያው የቆመ መሬት ደግሞ መንገድ መሥራትን እጅግ ውድ አድርጎታል፣ አፈሩንም በየክረምቱ ወደ ታች ይሰድበታል። «እነሱ መንገዱን በስንት ዓመት ጨረሱት» ብለን ስንነጋገር የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣትን በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ፍትሐዊ ነው።

ከፍታው ወጥ ቤትም ይገባል። አክስቴ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ምስር ክክ ጥደው፣ እንደ ልማዳቸው ሽንኩርት ሊከትፉ ዞር ባሉበት ምስሩ ፈርሶ አገኙት። «ምን ዓይነት ምስር ነው የምትበሉት?» ብለው ማሸጊያውን አገላብጠው አዩት፤ ምስሩ ከዚያው ከአገር ቤት የመጣ ነበር። ነገሩ የውኃው ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስቶክሆልም በባሕር ወለል ላይ ስለሆነች በ100 ዲግሪ ነው። እሳት ቢጨመርበትም የሚፈላ ውኃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እናቶቻችን ሽምብራና ባቄላ አድሮ እንዲርስ ማድረጋቸው፣ ለረጅም ሰዓትም እሳት ሥር መቀመጣቸው በከፊል ከዚህ የመጣ ነው፤ በደጋ ማገዶ ቶሎ ያልቃል ሲባልም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ይህንኑ ከፍታ በጉዟቸው ያውቁታል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚበረው አውሮፕላን ሳያርፍ ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲመለስ ግን ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ ላይ ለምሳሌ በደብሊን ሲያርፍ የኖረው፣ ስስ በሆነው የቦሌ አየር ላይ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት ስለሚከብድ ነው። ወደ ምዕራብ ሲበር የሚገጥመው ነፋስም ይጨመርበታል።

ከሁሉ በላይ ኑሮን የሚለየው ግን ብርሃኑ ነው። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ በ12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች፤ ስለዚህ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ አንድ፣ ሁለት እያሉ መቁጠር ለእኛ አገር ፍጹም የሚስማማ ሥርዓት ነው። ይህ አቆጣጠር ኋላ ቀርነት የሚመስላቸው የውጭ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ አንዳንድ የእኛም ልጆች አሉ፤ እኔ ግን ከመሬቱ ጋር የተስማማ ጥበብ አድርጌ ነው የማየው። በስቶክሆልም ያንኑ ሰዓት ብንቆጥር በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ትገባለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ረፋድ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጥታ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ረጅሙ ቀን ከ18 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፣ አጭሩ ከ6 ሰዓት እምብዛም አያልፍም። በነቢያት ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምእመን እዚህ ሲፈታ ውጪው መጨለም ጀምሯል። ረመዳን በሰኔ በዋለባቸው ዓመታት ደግሞ ሙስሊም ወገኖቻችን በአገር ቤት ከ13 እስከ 14 ሰዓት የሚጾመውን እዚህ ከ18 ሰዓት በላይ መጾም፣ ወይም የሊቃውንትን ብይን ተከትለው የሌላ ከተማ ሰዓት መያዝ ነበረባቸው።

በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ፣ ደመና ከሌለ፣ በስቶክሆልም ፀሐይዋ ከአድማሱ 7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ትታያለች፤ የሰው ጥላ የቁመቱን ስምንት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በበረዶው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። በአዲስ አበባ በሚያዝያ መጀመሪያ ቀናትና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ጥላ ከእግር ሥር ይጠፋል፤ በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ፀሐይ በስተሰሜን ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። እዚህ ጥላ በቀትር ወደ ደቡብ የሚወድቅበት ቀን በዘመን አይመጣም። ጎረቤቶቻችን በመጋቢት የመጀመሪያዋ ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ መቆማቸውን አዲስ የመጡ ወገኖቻችን እንደ እንግዳ ጠባይ ያዩታል። አንድ ክረምት ያሳለፈ ሰው ግን አጠገባቸው ሄዶ ይቆማል።

በግእዝ ሙሉ ሆኖ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ የፀሐይን መንገድ ሲገልጽ በረጅሙ ቀን መዓልቱ 12 ክፍል፣ ሌሊቱ 6 ክፍል እንደሚሆን ይናገራል፤ መዓልቱ የሌሊቱ እጥፍ ነው ማለት ነው። ይህ በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ፈጽሞ የማይታይ ነገር ነው። መዓልት 16 ሰዓት፣ ሌሊት 8 ሰዓት የሚሆነው በፓሪስ አካባቢ ባለው ኬክሮስ ላይ ነው። ሊቃውንቶቻችን እነሱ ዘንድ የማይሆነውን የብርሃን ልክ እየገለበጡና እየተረጎሙ ለትውልድ ማስተላለፋቸውን ሳስብ፣ እኛ ዛሬ ያንን ልክ በዓይናችን እያየን ስለ እሱ የማንነጋገር መሆናችን ይቆጨኛል።

ብርዱን በሚመለከት ሁሉም ሰው ስቶክሆልም በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ካለችው ከሚኒያፖሊስ የምትበርድ ይመስለዋል፤ ሚኒያፖሊስ በ45ኛው ዲግሪ፣ ከምድር ወገብና ከሰሜን ዋልታ እኩል ርቀት ላይ ማለት ይቻላል፣ ከስቶክሆልም በብዙ ወደ ደቡብ ወርዳ ትገኛለችና። የጥር አማካይ ሙቀት ግን በሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በስቶክሆልም ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ነው። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ በአትላንቲክ ሞቃት ውኃ ላይ አልፎ አውሮፓን ያሞቃል፤ ሚኒሶታ ግን በአህጉር መካከል ስላለች የሚደርሳት የካናዳ ደረቅ ብርድ ነው። ያም ሆኖ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያን ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ብዙዎቹ የሰፈሩት በዚያችው በሚኒሶታ ነበር። በ1867 እና በ1868 እ.ኤ.አ. አዝመራቸው ጠፍቶ ከዛፍ ልጥ ጋር የተቀላቀለ ዳቦ የበሉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በዚያው ግዛት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። መሬት የሰውን ዕጣ ለዘላለም ይቆርጣል የሚለውን ሐሳብ የማልቀበለው ስለዚህ ነው፤ መቶ ኃምሳ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይኸው ቀዝቃዛ የስዊድን መሬት ሕዝቡን ከማሰደድ ስደተኛ ወደ መቀበል ተሸጋግሯል።

የመጨረሻው ልዩነት ከእግር በታች ያለው ነው። ስዊድን ከባሕር እየወጣች ነው። በበረዶ ዘመን የተጫናት ወፍራም ግግር ከቀለጠ ወዲህ መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በሰሜናዊው የባልቲክ ዳርቻ በዓመት 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሣል። በቴርሞሜትሩ የምናውቀው አንደርስ ሴልሺየስ በ1731 እ.ኤ.አ. በየቭሌ ከተማ አቅራቢያ በአንድ የደሴት ድንጋይ ላይ የባሕሩን ልክ አስቀርጾ ነበር፤ ምልክቱ ዛሬ ከውኃው በላይ ርቆ ይታያል። በእኛ አገር፣ በስምጥ ሸለቆው፣ መሬቱ የሚሄደው ወደ ጎን ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችም ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሥፍራው ድረስ ሄደው አጥንተውታል።

ያ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያወርደን ገደል ራሱ የዚሁ ስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ነው። በዚያው መንገድ ወደ ፊት ሲጓዙ የምትገኘው ካራ ቆሬ በ1953 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድታለች፤ አጠገቧ ያለችው ማጀቴም ፈርሳ ነበር። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ መሬቱ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም በሌሊት ደረጃ እየወረዱ ሲደውሉልን ነበር። ስዊድን ውስጥ ማንም ሰው ጎተራ እንኳ ሲሠራ ለአካባቢው የተወሰነው የበረዶ ክብደት በጣሪያው ስሌት ውስጥ ይገባል። በአገር ቤትም የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንፃ ደንብ አለ። ብዙውን ጊዜ ለቤት ሥራ ገንዘብ የምንልከው እኛ በውጭ ያለነው ነን፤ በስልክ የምንጠይቀውም ስለ ሴራሚኩ፣ ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ነው። የአፈሩ ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነ፣ የምሰሶው ብረት ለመንቀጥቀጥ ተሰልቶ እንደሆነ፣ ከፕላኑ ውጪ የተጨመረ ፎቅ ካለ ማን መሐንዲስ እንደ ፈረመበት መጠየቅና ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልን ማድረግ የሚቀጥለው ገንዘብ ከመላኩ በፊት መሆን አለበት።