እስክሪብቶውን በሁለት እጃቸው መለሱለት

የጅማ ሰዎች ሆይ፣ በዚያ ሐሙስ ቀን የሳቃችሁ ሁሉ፣ እዚያው ቆማችሁም ይሁን በኋላ በስልካችሁ አይታችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔም ከመካከላችሁ ስለነበርኩ ለራሴም ነው። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚህ በላይ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሰውየውን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ያለ ፈቃዳቸው እስኪበቃ ተነስቷል። ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር፣ ከዋንዛ በተጠረበች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት አባት ናቸው። ጠረጴዛ የላቸውም። ጉልበታቸው ላይ የሚያጋድሟት ጣውላ አለቻቸው፤ ጠርዟን የዓመታት የክርን ፍትጊያ አለስልሶታል። ዝናብ ሲመጣ፣ በጅማ ደግሞ ዝናብ መምጣቱ አይቀርም፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ከአጥሩ ብረት ጋር በገመድ ያስሩና ከራሳቸው አስቀድመው ወረቀቱን ያስጠልላሉ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጽፋሉ። ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከማና የመጣ ባለጉዳይ አንዱን በደል ከሌላው ጋር አደባልቆ ሲነግራቸው እስኪጨርስ ይሰሙትና የሚጠቅመውን ለይተው ሁለት አንቀጽ ያደርጉለታል። አባቴ የሞቱ ጊዜ የውርሱን ማመልከቻ የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ገንዘቡን ስሰጣቸው ግማሹን መልሰው «ሐዘንተኛ ነህ» ብለውኛል።

በዚያ ሐሙስ አንዲት የገጠር እናት ከፊታቸው ቁጢጥ ብለው ነበር። ማመልከቻቸው ሊያልቅ ሁለት መስመር ቀርቶታል። እኔ የቤት ካርታ ኮፒ በፕላስቲክ ይዤ ሦስተኛው ተራ ላይ ቆሜአለሁ።

ሁለት ወጣቶች መጡ። አለባበሳቸው ንጹሕ፣ ሰላምታቸውም ያማረ ነበር። አንደኛው ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ይህ እስክሪብቶ አልጽፍ አለኝ፤ የእርስዎ እጅ ያውቅበታልና እስቲ ይሞክሩልኝ» አላቸው። ሌላው ራቅ ብሎ ስልኩን ደረቱ ላይ ደግፎ ይቀርጻል። እስክሪብቶው ብርማ ነው፤ ለምረቃ የሚሰጥ ዓይነት። እሳቸው የራሳቸውን እስክሪብቶ ጆሮአቸው ላይ ሰኩ፣ የእናትየዋን ወረቀት በግራ እጃቸው ያዙ፣ የልጁንም ተቀበሉ። አውራ ጣታቸውን አናቱ ላይ አድርገው ተጫኑ።

ነዘራቸው። ለካ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚለቅ የቀልድ እስክሪብቶ ኖሯል። ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ተፈናጠረ። ጣውላዋ ወደቀች፣ መነጽራቸው ወደቀ፣ ማመልከቻው ከመካከሉ ተቀደደ። ከበርጩማዋ ወደ ኋላ ሲሉ አጥሩ ደገፋቸው እንጂ አስፋልቱ ላይ ነበሩ። ሕዝቡም ሳቀ።

«ሕዝቡ» ብዬ ማምለጥ አልችልም። ሳቅን። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። እናትየዋ የተቀደደውን ወረቀት ሁለት ቁራጭ አድርገው ይዘው አንዴ እኛን አንዴ እሳቸውን ያዩ ነበር። አባት እንደገና ከመጀመሪያው ጻፉላቸው፤ ሌላ ገንዘብ አልተቀበሉም። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሥራው ዘገየ፤ እኔም መዘግየቱ አናዶኝ ተራዬን ትቼ ሄድኩ። ይህን የጻፍኩት እንድታውቁልኝ ነው፦ የተናደድኩት በልጆቹ አልነበረም፣ በመዘግየቱ ነበር።

ማታ ቪዲዮው ስልኬ ላይ ደረሰ። ለባለቤቴ ላሳያት እየሳቅሁ ከፈትኩት። ቆሜ እየሳቅሁ ያላየሁትን ያን ጊዜ አየሁ። አባት መነጽራቸውን ከመፈለጋቸው በፊት የፈለጉት እስክሪብቶውን ነው። በመዳፋቸው መሬቱን ዳበሱ፣ አገኙት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጭቃውን ጠረጉለት። ከዚያም በሁለት እጃቸው ይዘው ለልጁ መለሱለት። «ልጄ፣ ሰበርኩብህ መሰለኝ፤ ይቅር በለኝ» አሉት።

በቪዲዮው ላይ ሳቁ ከሁሉ የሚበረታው እዚያ ላይ ነው። ከሳቆቹ መካከል አንዱን ለየሁት፤ የእኔ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንድም ቃል አልተናገረችም።

ወገኖቼ፣ ምን ሆነን ነው? የነዘራቸውን ሰው ይቅርታ የጠየቁ ሽማግሌ ፊት ቆሞ የሚስቅ ሕዝብ ከየት መጣ? ይህች ከተማ የቆመችው በሂርማታ ገበያ ላይ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ከማያውቀው ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይገበያይበት የነበረ ስፍራ ነው። እኛ ደግሞ በሐሙስ ቀን ያደረግነው ይህን ነው።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ ዓይነት እስክሪብቶ ገዛሁ። ምን እንደነካቸው በገዛ እጄ ማወቅ ፈለግሁ። ሱቅ በደረቴ የሚሸጠው ልጅ ከማስቲካ፣ ከጆሮ ማዳመጫና ብልጭ ድርግም ከሚል የፕላስቲክ ቀለበት መካከል መርጦ ሰጠኝ። በመጠቅለያው ጀርባ፣ ዓይን በሚያደክም ደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና የልብ ሕመም ላለበት ሰው እንዳይሰጥ ተጽፏል። እዚያው ቆሜ ልጫነው ስል ልጁ ደነገጠ። «ጋሼ፣ እሱ ለሰው ነው እንጂ ለራስ አይደለም» አለኝ። ይህች አነጋገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። በልጁ ግን አልፈርድበትም። እኛ የምንገዛውን ነው የሚሸጠው።

ቤቴ ገብቼ ተጫንኩት፤ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ አጥንት ውስጥ የሚገባ፣ ጥርስ የሚያስነክስ ነገር ነው፤ ሕመሙ ወዲያው ያልፍና ድንጋጤው ይቀራል። አስቀድሜ ማወቄ እንኳ አልረዳኝም። እሳቸው ሳያውቁ፣ በዚያ ዕድሜ፣ በሕዝብ ፊት እንዴት እንደተሰማቸው አስቡት። ከዚያ ፈታሁት። ውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክሉ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪዎች ተደርድረዋል። አጠገባቸው ጥቅል ሽቦ ያለበት ትንሽ ሰርኪዩት አለ፤ ያንን ደካማ ጉልበት ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያሳድገው እሱ ነው። ጣቶች የብረቱን አካል ይዘው አውራ ጣት አናቱን ሲጫን ኤሌክትሪኩ በመዳፍ አቋርጦ ያልፋል፤ የጎደለውን መንገድ የሚሞላለት የሰው እጅ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። እስክሪብቶውን ተቀብሎ ኪሱ የሚከት ሌባ አይነዘርም። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ሂድልኝ» የሚል ቁጡ አይነዘርም። ለማያውቀው ሰው «አምጣው እስቲ ልየው» የሚል ብቻ ይነዘራል። ዕቃው ከከተማው ሕዝብ መካከል ደጉን መርጦ የሚቀጣ ሆኖ ተሠርቷል። እኛም ቆመን በሳቃችን መሰከርንለት።

ጠባዩ አዲስ አይደለም። ሶረን አዳምስ የሚባል ዴንማርክ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው በ1928 እ.ኤ.አ. በመዳፍ የሚደበቅ መንዛሪያ ፈጥሮ በ1932 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ኤሌክትሪክ እንኳ የለውም፤ እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ሞላ ነው። ሰላም ሊል የጨበጠው ሰው ሲነካው ሞላው ይለቀቅና እጁን ያንዘፈዝፈዋል። በእኩዮች መካከል ቢሆን እኔም ጨዋታ ነው ብዬ ባለፍኩት። ለእስክሪብቶው ግን እኩያ አልተፈለገለትም። በዕድሜ የገፋ፣ ቪዲዮ ምን እንደሆነ የማይጠረጥር፣ ለማን አቤት እንደሚል የማያውቅ ሰው ተፈለገለት። ስንቱን ሰው ከበደል ያስጣለ አቤቱታ የጻፉ እኝህ አባት ለራሳቸው አንዲት መስመር አልጻፉም።

መጫወቻን ሁሉ እየረገምኩ አይደለም። እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ዕቃዎችን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ከፈረንጅ አራዳ ጀርባ ስናድግ አንድ ጎረቤታችን ከሐጅ ሲመለሱ የካሜራ ቅርጽ ያላት፣ ከክብሪት ሳጥን ጥቂት የምትበልጥ የፕላስቲክ መጫወቻ አመጡ። በአንድ ዓይን እያዩ ቁልፏን ሲጫኑ ካዕባ ይመጣል፤ እንደገና ሲጫኑ የመዲናው አረንጓዴ ጉልላት ይመጣል። ከሐጂ ግቢ በር ጀምሮ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ ተሰልፈን ቆምን። ሐጂ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «ሁሉም አንድ አንዴ ሳያይ ማንም ሁለቴ አያይም» ይሉ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ወደ ፀሐይ አነሳኋት። ነጭ የለበሰውን ሰው ብዛት ዛሬም በዓይኔ አየዋለሁ። ተመሳሳዩ መጫወቻ ቪው ማስተር በ1939 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ መቅረቡን ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ለእኔ ግን የተፈለሰፈችው በሐጂ ግቢ ነበር። ያቺም ቁልፍ በአውራ ጣት ነበር የምትነካው። ስንነካት ግን ሩቅ አገር አሳየችን።

በመንዛሪያው ላይ የበረታሁት ያየሁት እሱን ስለሆነ ነው እንጂ ሌላውም አለ። ማታ ማታ ከሰገነት ላይ በባጃጅ ሾፌር ዓይን ውስጥ የሌዘር ጨረር የሚለቁ ልጆች አሉ፤ የዓይን ውስጠኛው ግድግዳ ሕመም አይሰማውምና ሰው ሳያውቀው ሊጎዳ ይችላል። ስለ ባትሪዎቹም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሕፃን ያለባችሁ፣ በየመጫወቻው ያለችውን ክብ ባትሪ፣ በተለይ ሰፋ ያለችውን ባለ 3 ቮልት፣ ከልጅ እጅ አርቁ። ተውጣ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋን ማቃጠል ትጀምራለች። ልጁ የዋጠ ከመሰላችሁ ነገ እናያለን አትበሉ፤ ሩጡ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሁለቱን ልጆች አልረግማቸውም። ቀልዱን ያመጡት እነሱ ናቸው፤ የገዛነው ግን እኛ ነን። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ተው!» ብሎ ቢጮህ ስልኩ ይወርድ ነበር። ሦስተኛው ተራ ላይ የቆመው፣ ሐዘንተኛ ነህ ተብሎ ግማሽ ገንዘብ የተመለሰለት ሰው ሊሆን ይገባው ነበር ያ ሰው። እኔ መጮህ ሲገባኝ አብሬ ሳቅሁ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው የተሳነኝ።

ቪዲዮው በስልካችሁ ያለ ሁሉ እለምናችኋለሁ፣ ደምስሱት። «እዩ ምን ዓይነት ጊዜ ላይ ደረስን» ብላችሁ በቁጭት የምታስተላልፉትም ደምስሱት። በቁጭትም ተላከ በሳቅ፣ ቪዲዮው በተከፈተ ቁጥር እሳቸው እንደገና ይነዘራሉ።

ሁለት ሐሙስ ሄጄ በርጩማዋን አጣኋት። በሦስተኛው አገኘኋቸው። ከአጥሩ ወደ ሌላው ጫፍ ተዛውረው፣ ጀርባቸውን ለግንብ ሰጥተው ተቀምጠዋል። የመነጽራቸው አንድ ክንድ በክር ታስሯል። «አባባ፣ ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ስቄብዎታለሁ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ምን ታደርግ ልጄ፣ ሰው ሲስቅ ይሳቃል» አሉኝ። ምሕረት ነው ብዬ ልወስደው አልቻልኩም፤ ምሕረት መሆኑን ግን አውቃለሁ።

የካርታውን ማመልከቻ ጻፉልኝ። ልፈርም የራሴን እስክሪብቶ አወጣሁ። ፈርሜ ስጨርስ፣ ሳላስበው፣ ቀኑን እንዲጽፉበት ዘረጋሁላቸው። እጃቸው መጣና መንገድ ላይ ቆመ። «እዚያው አንተ ጻፈው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔን ላለማስቀየም እየተጠነቀቁ።

ቀኑን ራሴ ጻፍኩት። በሚመጣው ሐሙስ እመለሳለሁ፤ የሚጻፍ ነገር ባይኖረኝም አንድ ነገር አጽፋለሁ። ጉዳይ ያላችሁም ኑ፣ ቦታውን ታውቁታላችሁ። ሁላችንም እየተመላለስን ስንሰነብት፣ አንድ ቀን ከአንዳችን እጅ ይቀበሉ ይሆናል።